የስምጥ ሸለቆው ርዕደ መሬትና መዝገቡ

አፋር የሦስት ስንጥቆች መገናኛ ነው። ከሰሜን የቀይ ባሕር፣ ከምሥራቅ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከደቡብ ምዕራብ ደግሞ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ መጥተው በዚህ ዝቅተኛ ምድር ላይ ይገጥማሉ። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ፣ ኑቢያ፣ ሶማሊያና ዐረቢያ የሚል ስም የተሰጣቸው፣ ከአፋር ላይ ሆነው በየአቅጣጫቸው ይራራቃሉ። ዐረቢያ ከአፍሪካ የምትርቀው በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሶማሊያ ፕሌት ከኑቢያ የሚለየው በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በሰባ ዓመት የሰው ዕድሜ የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የሚራራቀው አርባ ሳንቲሜትር ያህል መሆኑ ነው። ችግሩ ይህ አርባ ሳንቲሜትር በየዓመቱ ተመጥኖ አለመምጣቱ ነው፤ መቶ ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ሊመጣ ይችላል።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ጥልቀት የወጣ ከፍተኛ ሙቀት ዛሬ ኢትዮጵያና የመን ያሉበትን አካባቢ ከሥሩ አነሣው፤ ገጹንም ሰነጣጥቆ ላቫ አፈሰሰበት። ላቫው እየተደራረበ በአንዳንድ ስፍራ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ውፍረት አበጀ። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተነባብረው የሚታዩት ጥቁር የድንጋይ እርከኖች የዚያ ዘመን ፍሳሾች ናቸው። ደጋው የተሠራው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የቀይ ባሕር መከፈት ጀመሩ፤ ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሰሜን ክፍል ግን ዘግይቶ ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የተከፈተ ነው። በመካከሉ ያለው መሬት እየሰመጠ ሄዶ ዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 120 ሜትር ወረደ፤ ጂቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

እሳተ ገሞራ የሚፈጠረው ከምድር ቅርፊት በታች የፈላ ባሕር ስላለ ነው የሚል ግምት የተለመደ ነው። እንዲያ አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ማንትል እጅግ የጋለ ቢሆንም ጠጣር አለት ነው፤ በላዩ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ ይይዘዋል። ፕሌቶች ሲራራቁና ቅርፊቱ ሲሳሳ ማንትሉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ጫናው ይቀልለታል፤ ጫናው ሲቀል ሙቀቱ ሳይጨምር እንኳ ከፊሉ ይቀልጣል። የቀለጠው አለት ከአካባቢው ድንጋይ ስለሚቀል መንገድ ፈልጎ ይወጣል። አብዛኛው ግን ከመሬት በታች እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይረጋል እንጂ ለዓይን አይደርስም። ርዕደ መሬት የሚመጣው ደግሞ የቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ቀዝቃዛና ተሰባሪ ስለሆነ ነው። ሁለት የድንጋይ ገጾች በስንጥቁ ላይ ተናክሰው ይቆማሉ፤ ከሥር ያለው ጉተታ ግን አያቋርጥም፤ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይወጠርና መያዣው ሲያቅተው ተንሸራትቶ የተጠራቀመውን ጉልበት በንዝረት ይለቃል። አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር በሚገባባቸው እንደ ጃፓንና ቺሌ ባሉ አገሮች ተናክሶ የሚቆየው ገጽ በመቶዎች ኪሎሜትር ስለሚረዝም መጠኑ 9 የደረሰ ርዕደ መሬት ታይቷል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግን ቅርፊቱ ቀጭንና ትኩስ በመሆኑ ተሰባሪው ንብርብር ስስ ነው፤ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ውስጥ 7 የደረሰ የለም። ይህ መጽናኛ የሚሆነው ግን በከፊል ብቻ ነው፤ በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ቤት ውስጥ ለሚያድር ሰው 6 ራሱ በቂ ነው።

የዚህ ምድር መንቀጥቀጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም የተጻፈለት ታሪክ ግን አጭርና የተቆራረጠ ነው። መዝገቡን ከጥንት እስከ ዛሬ ለሚያየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ጽሑፉ የሚከተለው የምድሪቱን እንቅስቃሴ ሳይሆን የጸሐፊውን መኖሪያ ነው። ቤተ መንግሥት በቆየበት፣ መርከብ በቆመበት፣ አውራ ጎዳና በተሠራበት ሁሉ ርዕደ መሬት «ይበዛል»፤ አርብቶ አደሩ ብቻ በሚያልፍበት ሜዳ ደግሞ ለዘመናት ጸጥታ የነበረ ይመስላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሰዎች ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ከስንጥቁ ሲጠቀሙ ኖረዋል። የቀይ ባሕር ውኃ በተደጋጋሚ ወደ ደናክል ዝቅታ እየገባ፣ መግቢያው ሲዘጋም እየተነነ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ውፍረት ያለው የጨው ክምችት ትቶ ሄደ። ይህን ጨው አፋሮች ከአሳሌ ሐይቅ ዳር በመጥረቢያ እየፈለጡ፣ እየጠረቡም አሞሌ አደረጉት፤ የትግራይ ነጋዴዎች በአርሆ ጉዞ በግመልና በበቅሎ ጭነው በበራህሌ በኩል ወደ ደጋ አወጡት። በ1520ዎቹ የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል እንዳየ ጽፏል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምርም አስተውሏል። አሞሌ በአንዳንድ ገበያ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። እዚያው ጨው ማውጫ አጠገብ፣ ዳሎል ላይ፣ በ1926 ከሥር የተቃረበው ሙቀት የመሬቱን ውኃ ወደ እንፋሎት ለውጦ ባደረሰው ፍንዳታ ጉድጓድ ተከፍቷል፤ ቢጫና አረንጓዴ ገንዳዎቹም የዚሁ ሙቀት ሥራ ናቸው። አዲስ አበባም ብትሆን አመሠራረቷ ከዚህ የራቀ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ማረፊያ ያሠሩት በፍል ውኃው ዙሪያ ነው፤ ፍል ውኃው ደግሞ የዝናብ ውኃ በስንጥቅ ወደ ጥልቅ ወርዶ፣ ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ የሚመለስበት ቦታ ነው። ዋና ከተማዋ የቆመችበትን ስፍራ የመረጠላት አንድ የተሰነጠቀ አለት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ርዕደ መሬቱ መዝገብ ስንመለስ፣ ከጽሑፍ መረጃዎች ግልጽ ብለው ከሚታዩት አንዱ የአንኮበር ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ስትሆን የተቆረቆረችው ከአፋር ዝቅታ ሽቅብ በሚወጣው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ያ ገደል ራሱ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1842፣ ዝናብና ርዕደ መሬት ተባብረው ቁልቁለቱን ናዱት፤ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ተወሰዱ። በጊዜው በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ እዚያው ነበርና ነገሩ ለአውሮፓ አንባቢ ተጻፈ። በተመሳሳይ ገደል ላይ ከአንኮበር በፊትም ሆነ በኋላ ስንት ናዳ እንደወረደ ግን የሚናገር ወረቀት የለም። በዚያው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ከተከፈተ ስንጥቅ የፈሰሰው ላቫም የሚታወቀው ከቃል ትውስታና ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ያ ጥቁር ሻካራ ሜዳ ከመተሐራ አጠገብ ዛሬም ሣር በቅጡ አልበቀለበትም።

የዱቢ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ዱቢ በዛሬይቱ ኤርትራ ደቡብ፣ ከኤድ ወደብ በስተጀርባ ያለ ተራራ ነው። በግንቦት 1861 ድንገት ፈነዳ፤ አመዱ ቀኑን አጨልሞ ከ300 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ወደቀ፤ የፍንዳታው ድምፅ ምጽዋ ድረስ ተሰምቶ ለነዋሪዎቹ የመድፍ ተኩስ መሰላቸው። ሁለት መንደሮች ጠፍተው ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ላቫው ወደ ባሕር ዳር ከ20 ኪሎሜትር በላይ ሄደ። በአፍሪካ በታሪክ ዘመን ከታወቁት ፍንዳታዎች ትልቁ ይህ እንደሆነ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተደረገ ጥናት ያመለክታል። ነገሩ ሊታወቅ የቻለው በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ስለሚመላለሱና ኤደን ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ሹም ፕሌይፌር ወሬውን ሰብስቦ ለንደን ወደሚገኘው የሥነ ምድር ማኅበር ስለላከ ነው። ከዱቢ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕር ዳር ራቅ ብሎ ያለው ናብሮ ግን እስከ 2011 ድረስ ምንም ዓይነት የፍንዳታ ታሪክ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ሰኔ ሲፈነዳ አመዱ አዲስ አበባ የሚያርፉና የሚነሡ አውሮፕላኖችን አስተጓጎለ፤ ወደ ሰማይ የለቀቀው የድኝ ጋዝም በዓመታት ውስጥ ከታዩት ታላላቆቹ መካከል ተቆጠረ። በተራራው ዕድሜ ይህ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም፤ መጀመሪያ የሆነው ለመዝገቡ ነው።

በ1906 ነሐሴ (19 ነሐሴ 1898 ዓ.ም.) ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባን ክፉኛ አናወጣት። ሃያ ዓመት ብቻ የሆናት ከተማ ነዋሪ በድንጋጤ ወደ ደጅ ወጣ። መጠኑ ከ6.5 በላይ እንደነበር ይገመታል፤ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሣሪያ ከታወቁት ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያው ግን በአገር ውስጥ አልነበረም፤ ንዝረቱን የጻፉት አውሮፓና ሌላም ስፍራ የነበሩ ጣቢያዎች ናቸው፤ ስለዚህም ትክክለኛ መነሻው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያ ዓመት በርዕደ መሬት ታሪክ የተለየ ነው። በሚያዝያ ሳን ፍራንሲስኮ ፈርሳለች፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቺሌዋ ቫልፓራይሶ ተከትላለች። ከሳን ፍራንሲስኮ ጥፋት በኋላ አሜሪካዊው ሄንሪ ፊልዲንግ ሪድ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉትን አጥሮችና የቅየሳ ምልክቶች አለካክቶ፣ ድንጋዩ አስቀድሞ ቀስ በቀስ ይወጠርና ኋላ በአንዴ ይመለሳል የሚለውን ማብራሪያ በ1910 አቀረበ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ስንጥቁ የመንቀጥቀጡ ውጤት እንጂ መንሥኤ አይመስላቸውም ነበር።

ስምጥ ሸለቆው ራሱ እንደ አንድ ነገር የታየው ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የቪየናው ኤድዋርድ ዙስ አፍሪካን ሳይረግጥ፣ የቴለኪና የፎን ሆህነልን የመሰሉ የተጓዦች ማስታወሻና ካርታ ሰብስቦ፣ ከዮርዳኖስ ሸለቆ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ የሚዘልቅ አንድ ስብራት እንዳለ በ1891 አሳወቀ። እንግሊዛዊው ጆን ዋልተር ግሪጎሪ በ1893 ኬንያ ሄዶ በዓይኑ አየውና መጠሪያውን አስፋፋው። ይሁንና መሬቱ ለምን እንደሚሰበር መልስ አልነበራቸውም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለውን ሐሳብ ሲያቀርብ አፋር ለእርሱ ፈተናም ማስረጃም ሆነ። ዐረቢያ ወደ አፍሪካ ተመልሳ ብትጋጠም የቀይ ባሕር ዳርቻዎች ይገጥማሉ፤ የየመን ጥግ ግን አፋር ላይ ይደረባል። የአፋር ምድር ከወጣት ላቫ የተሠራ እንደሆነ ቬገነር ያውቅ ነበርና፣ ከመለያየቱ በኋላ የተፈጠረ መሬት ስለሆነ ከሒሳቡ መውጣት አለበት አለ። በመሠረቱ ትክክል ነበር። አህጉራትን የሚገፋ ኃይል ማሳየት ስላልቻለ ግን አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞትም ሐሳቡ ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ውቅያኖሶች ከመካከላቸው እንደሚከፈቱ ሃሪ ሄስ በ1962፣ የባሕር ወለል አለት መግነጢሳዊ ጭረቶች ይህንኑ እንደሚመሰክሩ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ በ1963 ካሳዩ በኋላ ነገሩ በጥቂት ዓመታት ተገለበጠ። በ1970 ዳን ማኬንዚና ባልደረቦቹ አዲሱን የፕሌት ትምህርት ቀይ ባሕርና ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሠርተው አወጡ።

በዚህ መካከል አዲስ አበባ ውስጥ መሣሪያ ተተክሏል። የካናዳ ኢየሱሳውያን ያስተዳድሩት በነበረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዝግጅት በ1957 ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ተመሠረተ። መሥራቹ ከእነዚያው አንዱ የሆነው አባ ፒየር ጉዊን ነው። የመጀመሪያው ዓላማ ርዕደ መሬት አልነበረም፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የምድርን መግነጢስ ለመለካት ትመች ነበር። ንዝረት መዝጋቢው ሲስሞግራፍ ተከትሎ መጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያው አሜሪካ የኑክሌር ሙከራዎችን ለመከታተል በዓለም ዙሪያ ባቋቋመችው ወጥ መረብ ውስጥ ገባ። የምድርን መንቀጥቀጥ በእኩል መሣሪያ በየአገሩ መለካት የተቻለው የቦምብ ፍተሻ ስላስፈለገ ነበር፤ ርዕደ መሬቶች በፕሌት ጠርዞች ላይ በቀጭን መስመር ተሰልፈው መታየታቸውም የዚያ መረብ ፍሬ ነው።

ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ሥራ አገኘ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ በካራቆሬ አካባቢ ተከታታይ ርዕደ መሬት ወረደ፤ ትልቁ 6.5 ገደማ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች ማለት ይቻላል፤ በካራቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ተናደ። ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አስመራ የሚሄደው አውራ ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። ካራቆሬ ያለችው እንደ አንኮበር በዚያው በምዕራባዊው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ንዝረቱ ለወራት ስላላቋረጠ ለጉዊን የአንድ አደጋ መረጃ ሳይሆን ስንጥቁ በተለያየ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ተከታታይ ጽሑፍ ሆነለት። በስምንተኛው ዓመት፣ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ፣ ተራው የሰርዶ ሆነ። ሰርዶ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር አፋር መካከል የበቀለች ትንሽ ከተማ ነበረች። በአንድ ሳምንት ልዩነት የተከሰቱ፣ መጠናቸው ከ6 በላይ የሆነ ሁለት ርዕደ መሬቶች አወደሟት፤ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 1981 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው መንገድ ወደ ምሥራቅ ዶቢ ላይ ምድር ተናውጣ ድልድዮችን ሰበረች፤ አሰብ በዚያ ዘመን የአገሪቱ ዋና ወደብ ስለነበረች ጉዳዩ ወዲያው የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ሰርዶም ዶቢም በካርታ ላይ የገቡት መንገዱ ስላለፈባቸው ነው። ከመንገዱ ሃምሳና መቶ ኪሎሜትር የሚርቁ ተመሳሳይ ሸለቆዎች አፋር ውስጥ ሞልተዋል፤ በአሰብ መንገድ ታሪክ ውስጥ ግን የሉም።

ጉዊን ይህን ክፍተት ከማንም በላይ ተረድቶት ነበር። የነገሥታት ዜና መዋዕሎችን፣ የገዳማት ጽሑፎችን፣ የሚሲዮናውያንና የተጓዦች ደብዳቤዎችን፣ የኢጣሊያ ቅኝ ገዥዎች ኤርትራ ውስጥ የያዙትን መዝገብ አንድ ላይ እየመረመረ ለረጅም ዓመታት ከሠራ በኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በ1979 አሳተመ። ምጽዋን በ1884 እና በ1921 የመቱት መንቀጥቀጦች ከነጉዳታቸው በሥርዓት የተመዘገቡት ወደቡ የባለሥልጣናት መቀመጫ ስለነበረ እንደሆነ መጽሐፉን ያየ ይገነዘባል። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ አካባቢ ለሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ መነሻ ነው።

በሥነ ምድር በኩል ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ያስተማረው ፖል ሞር በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚሄዱ ትናንሽና ወጣት ስንጥቆችን ተከታትሎ፣ የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ብሎ ሰየማቸው። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ለዓይን የሚያስፈሩት የሸለቆው ታላላቅ ገደሎች አብዛኛውን ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ዛሬ መለያየቱ የሚካሄደው ከወለሉ መካከል፣ እሳተ ገሞራዎች በተሰለፉበት ቀጭን መስመር ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰሜን አፋር የዘለቀው የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው የሃሩን ታዚየፍ ቡድን፣ ጂዮርጂዮ ማሪኔሊን ጨምሮ፣ ኤርታ አሌ አናት ላይ የነበረውን የላቫ ሐይቅ አጠና፤ ከሐይቁ ዙሪያ ያለው ድንጋይም ከውቅያኖስ ወለል ድንጋይ ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። ባሕር የሌለበት የባሕር ወለል መሆኑ ነው። አፋር ለጥናት የተፈለገው ለዚህ ነው፤ በሌላው ዓለም በኪሎሜትሮች ውኃ ሥር የሚሆነው እዚህ በእግር ይደረስበታል። በዚያው ዘመን በአዋሽ ሸለቆ ሥነ ምድር ይመራመር የነበረው ሞሪስ ታየብ ሐዳር የተባለውን የቅሪተ አካል ስፍራ ያገኘውና፣ የድንቅነሽ ቅሪተ አካል በ1974 የተገኘው፣ ስንጥቆቹ የሐይቅና የወንዝ ደለል ቀብሮት የቆየውን አንሥተው ስላሳዩ ነው። የእሳተ ገሞራ አመዱም ዕድሜ መቁጠሪያ ሆኗል።

የመለያየቱ ንድፈ ሐሳብ በተግባር የታየው በመስከረም 2005 ነው። በ14ኛው ቀን ከዳባሁ ተራራ በስተደቡብ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ መጠናቸው ከ3.9 የሚበልጥ ከ160 በላይ ንዝረቶች ተቆጠሩ፤ አንዳቸውም 6 አልደረሱም። በ26ኛው ቀን ዳዑሬ ከተባለ ስፍራ አመድ ፈንድቶ ሰማዩን አጨለመ፤ ስድስት ሺህ ያህል አርብቶ አደሮች ከመንደራቸው ተፈናቀሉ። ፍንዳታው ትንሽ ነበር፤ ጉድ የታየው የራዳር ሳተላይት ምስሎች ሲነጻጸሩ ነው። 60 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተከፍቶ፣ በሰፊው ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተለያይቷል፤ ክፍተቱን የሞላው ከሥር የገባ ወደ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎሜትር የሚሆን የቀለጠ አለት ነው። በመቶዎች ዓመታት የተጠራቀመ መለያየት በቀናት ውስጥ ተከፈለ ማለት ነው። ተመሳሳይ ነገር አይስላንድ ውስጥ ክራፍላ ላይ ከ1975 እስከ 1984፣ ጂቡቲ ውስጥ በ1978 አርዱኮባ ሲፈነዳ ታይቶ ነበር፤ በዘመናዊ ሳተላይት ከጅምሩ የተከታተሉት ግን ዳባሁን ነው። እስከ 2010 ድረስም ከደርዘን በላይ ተከታይ የቀለጠ አለት ሰርጎ መግባቶች ተመዝግበዋል። ትልቅ ርዕደ መሬት ሳይኖር ትልቅ መለያየት እንዴት እንደሚኖር የተገለጸው በዚህ ነው፦ ትኩሱ አለት ስንጥቁን ሲሞላ፣ ድንጋዩ እስኪሰበር ድረስ መወጠር አያስፈልገውም።

በመስከረም 2024 መጨረሻ ተመሳሳዩ ሂደት ወደ ደቡብ፣ ሰው ወደሚበዛበት ወደ ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች መጣ። ንዝረቱ በታኅሣሥና በጥር ተጠናክሮ በተደጋጋሚ አዲስ አበባ ባሉ ፎቆች ሳይቀር ተሰማ። በጥር 2025 መጀመሪያ ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ፤ በየካቲት አንዱ ርዕደ መሬት 6.0 ደረሰ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶችና መንገዶች ተሰነጣጠቁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ መጠለያ ተዛወሩ፤ የከሰም ግድብ ነገር ከሁሉ በላይ አሳሰበ። ሳተላይቶቹ ከሥር የቀለጠ አለት በአሥር ኪሎሜትሮች ርዝመት እንደገባ አሳዩ፤ ላቫ ግን አልወጣም። በኅዳር 2025 ደግሞ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ያለው፣ ፍንዳታው በታሪክ ተጽፎ የማያውቀው ኻይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱን ከአሥር ኪሎሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወረወረ። የአመዱን ጉዞ ከቀይ ባሕር ማዶ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ሳተላይቶች በሰዓታት ልዩነት ተከታተሉት፤ በረራዎችም ተሰረዙ። አፍዴራ አካባቢ የነበረው ጉዳት፣ አመድ የለበሰው የግጦሽ ሣር፣ የተነገረው ከዚህ በኋላ ነው።

መዝገቡ እንዲህ የተዛባ መሆኑ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ፣ በ1995 የወጣውም ሆነ ከዚያ በኋላ የታደሰው፣ አገሪቱን በርዕደ መሬት ስጋት በቀጠና ይከፍላል፤ ለአዳማ፣ ለሐዋሳ፣ ለሰመራ የሚሠራ ምሰሶ ስንት ብረት እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ይህ ክፍፍል ነው። ክፍፍሉ የተሠራው ደግሞ በአመዛኙ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት መንቀጥቀጦች ነው። አንድ ስንጥቅ ሁለቴ ለመንቀሳቀስ ብዙ መቶ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ በአገር ውስጥ የተተከለው ሲስሞግራፍ ግን ሰባ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ስለዚህ ባለሙያዎች ሦስት ሌሎች መረጃዎችን እየጨመሩ ነው። የጂፒኤስ መለኪያዎች በየዓመቱ የሚጠራቀመውን ውጥረት ይነግራሉ። በስንጥቅ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የተቆረጡትን የአፈር ንብርብሮች ዕድሜ መለካት ጸሐፊ ያልነበረበትን ርዕደ መሬት ያሳያል። የሐይቆች ወለል ዝቃጭም ያለፉ ፍንዳታዎችን አመድ በተራ አስቀምጦ ይዟል። በዚህ መንገድ ካርታው ሲስተካከል ቀለሙ የሚበረታው በአውራ ጎዳናዎቹ ዳር ሳይሆን በወንጂ ቀበቶና በአፋር እሳተ ገሞራ ሰንሰለቶች ላይ ይሆናል።